ብሩን ወረስን፣ አንጥረኛውን ሰደብን

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ታግሳችሁ አንብቡት፤ የሌላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ ተመለሱበት። ሳያነቡ መሳደብ ግን ይቅር።

ሰሞኑን የአያቴን የአንገት መስቀልና የእግር አልቦ ፎቶ ለጥፌ «የእናንተስ ቤት ምን አለ? ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ብዙ ሰው መልሷል፤ አመሰግናለሁ። መልሶቹን አንድ በአንድ ሳነብ ግን የገረመኝ ነገር አለ። በዚህ አገር ያለ የብር ጌጥ ሁሉ ወይ አፄ ቴዎድሮስ የሸለሙት ነው፣ ወይ አፄ ምኒልክ የሸለሙት ነው፣ ወይ አድዋ ላይ የተማረከ ነው። የተገዛ የለም። ሴት ያሠራችው የለም። ሠሪ ያለው ጌጥ ከዚያ ሁሉ ኮሜንት ውስጥ አንድም አላገኘሁም!

እንዲህ ከሆነማ ምኒልክ አድዋ ሲዘምቱ መድፍ የሚጭኑበት በቅሎ አልተረፋቸውም፤ በቅሎው ሁሉ አልቦና ጉትቻ ተሸክሟል ማለት ነው።

ቀልዱን ልተወውና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የቤታችን ብር እውነተኛ ታሪክ አለው። ያንን ታሪክ የማንፈልገው ስለጠፋብን ብቻ አይመስለኝም። ተከትለነው ብንሄድ መጨረሻ ላይ የሚያደርሰን አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ነው። ያ ሰው አንጥረኛው ነው። «ጠይብ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያልን ስንሰድበው የኖርነው ሰው። ደጃፉ ላይ መታየት ስለምናፍር መንገዱን አጥፈን ወደ ቤተመንግሥት እንወስደዋለን።

እስቲ በማስረጃ እንነጋገር።

አንደኛ፣ ስለ 1780። ከመላሾቹ ውስጥ ብዙዎቹ «የኛ ብር 1780 የሚል ተጽፎበታል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ብላችኋል። ወገኖቼ፣ እሱ የማርያ ትሬዛ ብር ነው፤ እኛ ጠገራ ብር የምንለው። ማርያ ትሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች። የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው። ከሞተች በኋላ ብሩ መመታቱን ቀጠለ፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን 1780 ላይ ቆመ። ነጋዴው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ! የኛም ሰው ደረቷ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ሳይቀር እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። ስለዚህ በ1780 የተመታውም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውም፣ ዘንድሮ ቪየና ውስጥ የሚመታውም ያው 1780 ይላል።

ይባስ ብሎ በፈረንጆቹ 1935 ሙሶሎኒ ሊወረን ሲዘጋጅ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ውስጥ ይህንኑ ብር ያስመታ ነበር። እንግሊዞችም በበኩላቸው መቱት። እንግዲህ «የአድዋ ብር» ብላችሁ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት፣ ሙሶሎኒ ለወረራው ያስመታው ቢሆንስ? ዓመተ ምሕረቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

አፄ ምኒልክም የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመትተዋል፤ 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበታል። ያ ሆኖም ገበያው የለመደውን የማርያ ትሬዛን ብር ቶሎ አልለቀቀም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ነው ጠገራ ብር በሕግ ገንዘብ መሆኑ የቀረው። ሰው ከጉድጓድ እያወጣ ለአንጥረኛ የሰጠውና ጌጥ ያሠራበት ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። ነገሥታቱ ብር አይሸልሙም ነበር አላልኩም። ይሸልሙ ነበር። ለጀግና የሚሰጠው ግን የታወቀ ነው፦ ክንድ ላይ የሚታሰር ቢተዋ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ ያጌጠ የበቅሎ ዕቃ፣ ለምድ፣ ጎራዴ። ጎበዝ፣ የሴት የእግር አልቦ ለፊታውራሪ አይሸለምም! ጉትቻ ለደጃዝማች አይሸለምም! የጆሮ ኩክ ማውጫ አንጠልጥሎ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ጀግና አልሰማሁም። በየቤታችን ያለው ብር አብዛኛው መስቀል፣ አልቦ፣ አምባር፣ ድሪ፣ ወለባ፣ ጉትቻ ነው። የሴት ዕቃ ነው። ሴት አሠርታው ከሴት ወደ ሴት የተላለፈ ነው። ዘር ስንቆጥር ግን በአባት ብቻ ስለምንቆጥር፣ የእናቶቻችን ንብረት ባለቤት ሲያጣብን ጊዜ አንድ ሹመት ያለው አያት እንፈልግለታለን።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። በሰው ቤት ብቻ እንዳልፈርድ።

እኔ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ፤ የእናቴ ወገኖች የአንኮበር አካባቢ ሰዎች ናቸው። አያቴ ካረፉ በኋላ መስቀሉና ጥንድ አልቦው እናቴ ዘንድ ቀረ። አጎቴ «ይሄ ቅድመ አያታችን አድዋ ላይ የተሸለመው ነው፤ ለወንድ ልጅ ነው የሚገባው» ብሎ ተከራከረ። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ተዝካሩ ላይ እንኳ ሰው ተኮራረፈ። እኔ ደግሞ እስቲ ከመጣላታችን በፊት እናጣራ ብዬ ሁለት ክረምት ስጠይቅ ከረምኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማስመዘን ነው። መስቀሉ 27 ግራም፣ ጥንዱ አልቦ 220 ግራም ሆነ። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ነው። ድሮ ወቄት የሚባለው ሚዛንም ያንኑ ያህል ነበር። እንግዲህ መስቀሉ አንድ ብር፣ አልቦው ስምንት ብር ሊሆን ይችላል። ዘጠኝ ብር 252 ግራም ይሆናል፤ ያገኘሁት 247 ነው። አምስት ግራሟ በማቅለጥ፣ በሞረድና በስንት ዓመት መታሸት ብታልቅ አይገርምም። ይሄ ግን ግምት ነው፤ ሚዛን ብቻውን አይበቃም አልኩ።

ከዚያ የአያቴ ታናሽ እህት ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ ይመስለኛል፤ አእምሯቸው ግን ከኔ ይሻላል። ክብደቱን ሳልነግራቸው «እማማ፣ ይሄ አልቦና መስቀል ከምን ተሠራ?» አልኳቸው። ሳያስቡ «ከዘጠኝ ብር ነዋ!» አሉኝ። «እናቴ አባቷ የሰጧትን በቅሎ ሸጣ ነው ያሠራችው። ባሏ ተቆጥቷት ነበር። አምባርም ነበራት፤ እሱን በ77 ለእህል ሸጥነው።»

ሰማችሁ? ቅድመ አያቴ ናት። በገዛ በቅሎዋ። ባሏ እየተቆጣ። የአድዋው ዘማች በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ መቆጣት ብቻ ነው።

«ማን ሠራው?» ስላቸው ግን እማማ ዞር ብለው በሩን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የአንድ ሰው ስም ነገሩኝ። «ከነዚያ ወገን ነው» አሉ። ቀጥለውም «ሥራው ሲያልቅ እህሉን ከደጅ ሰፍረን ሰጠነው። ቤት አይገባም ነበር» አሉኝ።

ልብ በሉ። መስቀል ነው የሠራላቸው። ቅድመ አያቴ እስክትሞት አንገቷ ላይ ያሰረችውን፣ አያቴ ጧት ጧት የምትሳለመውን መስቀል። እሱን የሠራ እጅ ግን ጎጆዋ ውስጥ ገብቶ እንጀራ እንዲቆርስ አልተፈቀደለትም።

የሰውየውን የልጅ ልጅ አፈላልጌ አገኘሁት። ሸምገል ያለ ሰው ነው። መስቀሉን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ይሄ የሰም ሥራ ነው» አለኝ፤ አልቦውን አየና «ይሄ ደግሞ ተቀጥቅጦ ነው» አለ። አሠራሩን አስረዳኝ። መጀመሪያ መስቀሉ በሰም ይቀረፃል። ሰሙ በጭቃ ይለበጣል። ጭቃው እሳት ላይ ሲሆን ሰሙ ቀልጦ ይፈስና ቦታውን ባዶ ይተዋል። ብሩ በገል ላይ በከሰልና በወናፍ ይቀልጥና በዚያ ባዶ ቦታ ይፈሳል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፣ መስቀሉ ይወጣል፣ በሞረድ ይጠራል። ጭቃው ስለሚሰበር ያንኑ ቅርፅ ሁለተኛ ማግኘት የለም። እያንዳንዱ መስቀል አንድ ነው።

ስሙን ልጽፈው ፈልጌ ነበር። «የአያትህን ስም ከፎቶው ጋር ላውጣው?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «መምህር፣ ተወው። ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው» አለኝ።

ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት። በዚህ ዘመን፣ ሰው ሁሉ የአያቱን ስም ከእውነቱ በላይ እያገነነ በሚለጥፍበት ጊዜ፣ አያቱ በሥራው ሊኮራበት የሚገባው ሰው ስሙን ደብቅልኝ ይላል። የመንደሩንም ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው።

ፍርሃቱ ደግሞ እውነተኛ ነው። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ቅኔ ሳስተምር «ሰምና ወርቅ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ እጅ ያላወጣ ተማሪ የለም። «ሰሙ የላይኛው ትርጉም፣ ወርቁ የተደበቀው ትርጉም!» ይላሉ፤ ጎበዞች ናቸው። አንድ ቀን «ቃሉ ከየት መጣ? ሰሙን ቀርፆ ወርቁን የሚያፈስሰው ማነው?» አልኳቸው። አንዱ ከመሀል «ቡዳ!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ደብተሯን ትፍቅ ጀመር። ከየት ወገን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረች።

እስቲ ፍረዱ። የጥበባችን ጫፍ ነው የምንለው ቅኔ ስሙን የተዋሰው ከዚያች ልጅ ቅድመ አያት ሥራ ነው። ሰሙም የነሱ፣ ወርቁም የነሱ። ለኛ ቃሉ ተረፈን፣ ለነሱ ስድቡ። «ጠይብ» የሚለውስ ቃል ቢሆን? «ጠቢብ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ብልህ፣ አዋቂ፣ የጥበብ ሰው ማለት ነው። ምስጋናውን ወስደን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ።

«የምኒልክን ዘመን ልታጥላላ ነው» ላላችሁኝ፦ እንዲያውም ምስክሬ እሳቸው ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን እየሰደባችሁ አገሩን ባለሙያ አሳጣችሁት፣ እንግዲህ የተሳደበ ይቀጣል ነው የአዋጁ ሐሳብ። መቶ ዓመት አልፎታል። «ምኒልክ የሸለሙን ብር» እያላችሁ የምትኮሩ፣ ምኒልክ ያወጁትን አዋጅ ግን አላከበራችሁም። ሽልማታቸውን ከምትፈጥሩላቸው ትእዛዛቸውን ብትፈጽሙላቸው አይሻልም?

«ቁስል አትነካካ፣ ተረስቷል» ላላችሁኝ፦ ለማን ነው የተረሳው? ስድቡን ለሚሰድበው ተረስቶ ይሆናል። ልጄን ለማን ልዳር ብሎ ለሚጨነቀው ሰው አልተረሳም። ሽማግሌ ሲላክ «አጥንቱን አጣሩ» የሚባለው ምን ተፈልጎ ነው? እህል ሲበላ ሰው አየኝ ብሎ የሚሸፋፈነው ማንን ፈርቶ ነው? የተረሳ ነገር እንዲህ አያስፈራም።

«የብሩ ታሪክ ንጹሕ ነው፤ አባቶቻችን በላባቸው ያገኙት ነው» ላላችሁ ደግሞ፦ ይሄንንም ቢሆን አጣሩ። ጠገራ ብር ከባሕር ማዶ ነው የመጣው፤ በነፃ ግን አልመጣም። ቡና ሄዶበታል፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ ሄዶበታል። ሰውም ተሽጦበታል። እኛው አገር፣ በአልዩ አምባ በኩል በሚያልፈው የነጋዴ መንገድ ባሪያ ይነዳ እንደነበር በዚያ ዘመን የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ትናንት ማለት ነው። የእያንዳንዳችን ብር በዚያ መንገድ መጥቷል እያልኩ አይደለም፤ የቅድመ አያቴ በበቅሎ ነው የመጣው። ግን የማይጠይቅ ሰው «ንጹሕ ነው» ብሎ የመማል መብት የለውም።

«በግራም ስንት ትሸጠዋለህ?» ብላችሁ ኢንቦክስ የሞላችሁብኝ ነጋዴዎች፦ አይሸጥም። ተቸግሮ የሚሸጥ ሰው ላይ ግን አልፈርድም። በ77 አምባሩ ተሽጦ ቤተሰቤ እህል በልቷል፤ የጌጡ አንዱ ሥራ ያ ነበር፣ የሴቲቱ ባንክ ነው። ሳይቸገር፣ ታሪኩን ሳይጠይቅ፣ ስልክ ለመቀየር ብሎ ወስዶ የሚያስቀልጠው ግን ያሳዝነኛል። ብሩ ሲቀልጥ ግራሙ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የሰው እጅ ነው።

«አንተ በዲፕሎማ የታሪክ ተመራማሪ ሆንክ እንዴ?» ላልከኝ ወንድሜ፦ አዎ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ሚዛን ላይ ያለ ቁጥር ለማንበብና የዘጠና ዓመት እናት አጠገብ ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ ማስተርስ አይጠየቅም። እንዲያውም የተማሩት ይሄን ሥራ ቢሠሩት ኖሮ እኔ ክረምቴን ባረፍኩበት ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ የብር ጌጥ በቤቱ ያለ ሰው በዚህ በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ እነዚህን ያድርግ።

1. ጌጡን አስመዝኑ። ክብደቱን ለ28 አካፍሉት። ከስንት ጠገራ ብር እንደተሠራ ፍንጭ ይሰጣችኋል። ያሠራው ሰው የቱን ያህል ሀብት እንዳወጣበትም ትገምታላችሁ።

2. አተኩራችሁ እዩት። የፈሰሰ ነው ወይስ የተቀጠቀጠ? የት ጋ ተሰብሮ ተጠግኗል? የቱ ጋ ነው በመነካት ብዛት ያለቀው? መስቀል የሚያልቀው ከንፈርና ጣት በሚነካው በኩል ነው።

3. በቤተሰቡ ውስጥ ያለችውን በዕድሜ ትልቋን ሴት ጠይቁ። ወንዶቹን በኋላ። «ማን ሸለመን?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንደዚያ ከጠየቃችሁ የንጉሥ ስም ይመጣላችኋል። «ማን አሠራው? በምን ገንዘብ? ስንት ፈጀ?» በሏቸው። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ። እነዚህ እናቶች እያለፉ ነው፤ የኔዋ እማማ ዓመት ይድረሱ አይድረሱ እግዜር ያውቃል።

4. «ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሲመጣ ቤቱ ዝም ቢል፣ ዝምታውንም ጻፉት።

5. የሠሪው ልጆች በሕይወት ካሉ ሂዱና አመስግኗቸው። ጌጡን አሳዩአቸው። ስሙ ይጻፍ ካሉ ጻፉት። አይጻፍ ካሉ አትጻፉ፣ ግን ለምን እንዳሉ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ስትሄዱም ከደጅ አትመለሱ። ቤት ግቡ፣ የቀረበላችሁን ብሉ።

የኛ ቤት ነገር እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ አጎቴ እስካሁን አልታረቀኝም። «የአባቶቻችንን ስም አጠፋህ» ነው የሚለው። አጎቴ ይሄን እንደሚያነብ አውቃለሁና እዚሁ ልመልስለት። ጋሼ፣ ያጠፋሁት ስም የለም። ሁለት ስም ነው የጨመርኩት። አንዱ የሴት ነው፣ በቅሎዋን የሸጠችው የቅድመ አያቴ። ሌላው ገና ሊጠራ ያልቻለ ስም ነው። የመጀመሪያውን ከዛሬ ጀምሮ በቤታችን እንጥራው። ሁለተኛውን ልጆቹ ሳይፈሩ የሚጠሩበት ቀን እንዲመጣ ግን እኔና አንተ ዝም ማለት አንችልም። መስቀሉን የተሳለምነው እኛ ነን።

ሼር ማድረግ ይቻላል። ስድብ እሰርዛለሁ፣ ጥያቄ እመልሳለሁ። የቤታችሁን ጌጥ ክብደትና ያሠራችውን ሴት ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የንጉሥ ስም የያዘ ኮሜንት ግን ማስረጃ ይጨመርበት!

ቸር እንሰንብት።